ዘይቱ ሲናገር መስማት፦ በትራክ ላይ የሞተርና የካምቢዮ ሙቀት



በዋሽንግተን ዙሪያ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ከመኪና ጋር ያለን ትውውቅ የቆየ ነው። ብዙ አባቶቻችን ቤተሰብ ያስተዳደሩት፣ ልጅ ያስተማሩት የታክሲ መሪ ጨብጠው ነው። ዛሬ ከልጆቻቸው መካከል መኪናን ለእንጀራ ሳይሆን ለፍቅሩ የሚነዱ አሉ። ቅዳሜ ማልደው ተነሥተው ወደ ዌስት ቨርጂኒያው ሰሚት ፖይንት፣ ወይም ወደ ደቡብ ወርደው ወደ ቨርጂኒያ ኢንተርናሽናል ሬስዌይ ይሄዳሉ። ይህን እደግፋለሁ። ፍጥነት መሞከር ያለበት እግረኛ በሚሻገርበት ጎዳና ሳይሆን አምቡላንስ በተጠንቀቅ በቆመበት፣ ባንዲራ ያዥ በየመታጠፊያው በተመደበበት ሜዳ ነው።

ወደዚያ ሜዳ የሚሄድ ሰው ስለ ጎማና ስለ ፍሬን ብዙ ምክር ያገኛል። ስለ ሙቀት የሚነግረው ግን ጥቂት ነው። ዛሬ የምናገረው ስለዚሁ ነው። ዋና ሐሳቤን ከመነሻው ላስቀምጥ፦ ትራክ ላይ ሞተርና ካምቢዮ የሚያበላሸው ሾፌሩ ያላየው ሙቀት ነው፤ ያ ሙቀት ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታወቀው በዘይቱ ነው። የውሃውን ጌጅ ብቻ የሚያይ ሾፌር የመኪናውን ጤና በግማሽ ዓይን ነው የሚያየው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ የሙቀት መጠኖቹም በሴልሺየስ መሆናቸውን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ እንመልከት።

ቤንዚን ሞተር ውስጥ ሲነድ ጉልበቱ በግምት በሦስት ይከፈላል። ሲሶው ጎማ ለማዞር ይውላል። ሌላው ሲሶ በጭስ ማውጫው ይወጣል። የቀረው ሲሶ በውሃውና በዘይቱ በኩል ተጉዞ ወደ አየር መጣል ያለበት ሙቀት ነው። አንድ መደበኛ የቤት መኪና በአውራ ጎዳና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ የሚያስፈልገው ጉልበት ከ15 እስከ 20 ኪሎ ዋት ያህል ነው። ያው መኪና 200 ኪሎ ዋት፣ ማለትም 270 የፈረስ ጉልበት ገደማ የሚያወጣ ሞተር ቢኖረውና ትራክ ላይ ነዳጁ እስከ ወለሉ ቢረገጥ፣ ጉልበቱ 10 እጥፍና ከዚያ በላይ ያድጋል። ሙቀቱም አብሮት ያድጋል። ራዲያተሩ ግን ያው የጠዋቱ ራዲያተር ነው።

በመንገድ ላይ ሙሉ ነዳጅ የምንረግጠው ለጥቂት ሴኮንዶች ነው። አውራ ጎዳና ስንገባ፣ ከባድ መኪና ስንቀድም፣ ከዚያ እግራችንን እናነሣለን። በትራክ ላይ አንድ የሩጫ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ የሚቆይ ሲሆን በዚያ ጊዜ ውስጥ ሾፌሩ ያለው ምርጫ ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ ነዳጅ ወይ ፍሬን። ሞተሩ በደቂቃ ከሚዞርበት ጣሪያ (ከዙር ጣሪያው) ብዙ ሳይርቅ ይውላል። የሞተሩ ዙር ከፍ ባለ ቁጥር ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር፣ ዋናው ዘንግ ከማረፊያው ጋር የሚያደርጉት ፍትጊያ ይበረታል፤ ፍትጊያው የሚወልደውን ሙቀት በቀጥታ የሚቀበለው ደግሞ ዘይቱ ነው። ብዙ ዘመናዊ ሞተሮች ከፒስተኑ በታች ዘይት የሚረጩ ትናንሽ አፍንጫዎች አሏቸው። ዘይቱ ፒስተኑን ከሥር እየረጨ ያቀዘቅዛል፤ ከነበልባሉ አጠገብ ያለውን ሙቀት ተሸክሞ ወደ ታች ይመለሳል። ስለዚህ ዘይት ማለስለሻ ብቻ አይደለም፤ ራሱን የቻለ ማቀዝቀዣ ነው።

አሁን ወደ ውሃው ጌጅ እንምጣ። የብዙ የቤት መኪኖች ዳሽቦርድ ላይ ያለው የውሃ ሙቀት ቀስት እውነተኛ ቴርሞሜትር አይደለም። አምራቾች ሾፌሩ በትንሽ በትልቁ እንዳይደናገጥ ሲሉ ቀስቱ ሰፊ በሆነ የሙቀት ክልል ውስጥ መሐል ላይ ቆሞ እንዲቆይ አድርገው ይሠሩታል። ውሃው 80 ዲግሪም ይሁን 105 ቀስቱ ያው መሐል ላይ ነው። ከመሐል ተነሥቶ መውጣት ሲጀምር ችግሩ አስቀድሞ ገብቷል። ስለዚህ ትራክ ላይ ያለ ሾፌር «ቀስቱ አልተነቃነቀም» ብሎ ሊጽናና አይገባም።

ውሃው ራሱ ጥሩ ጠባቂ አለው። ቴርሞስታቱ እንደ መኪናው ዓይነት ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ክልል ይከፈታል፤ የራዲያተር ክዳኑ ግፊት ይይዛል፤ ፋኑ በኮምፒውተር ይታዘዛል። ግማሽ ውሃ ግማሽ ኩላንት የሆነ ድብልቅ ጤናማ ክዳን ባለው ራዲያተር ውስጥ ሳይፈላ ከ120 ዲግሪ በላይ መቆየት ይችላል። በመንገድ መኪና ላይ ዘይቱ ብዙውን ጊዜ ይህን ያህል ጠባቂ የለውም። አንዳንዱ መኪና የዘይት ኩለር ፈጽሞ የለውም፤ ያለውም ቢሆን ብዙ ጊዜ ዘይቱን በሞተሩ ውሃ የሚያቀዘቅዝ ትንሽ ሣጥን ነው። ውሃው 100 ዲግሪ ላይ ሲቆም ዘይቱ ግን 120፣ 130 እያለ መውጣቱን ይቀጥላል። ዘይት ቀስ ብሎ ይሞቃል፤ ከሞቀ በኋላም ቀስ ብሎ ነው የሚበርደው። ጠዋት መኪና ስታስነሡም ይኸው ነው፤ የውሃው ቀስት መሐል ሲደርስ ዘይቱ ገና ለብ ያለ ነው። ስለዚህ ዘይቱ 80 ዲግሪ ሳይደርስ ሞተሩን ወደ ቀዩ መስመር መውሰድ ስሕተት ነው።

የዘይቱ ቁጥሮች ምን ማለት እንደሆኑ ልዘርዝር። በትራክ ላይ የሞተር ዘይት ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ቢሆን መልካም ነው። ከ100 በታች ሆኖ ቢቀር ውስጡ የሚጠራቀመው እርጥበትና ነዳጅ በደንብ አይተንም። 130 ሲደርስ ሾፌሩ እግሩን ማቅለል አለበት። ከ140 በላይ ከወጣ ሩጫው አልቋል፤ ወደ መኪኖቹ ማረፊያ (ፒት) መመለስ ግድ ነው።

ለምን? ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል። አንድ የተለመደ 5ደብልዩ30 ዘይት በ40 ዲግሪ ከነበረው ውፍረት በ100 ዲግሪ የሚቀረው አንድ ስድስተኛው ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ሲሞቅ ደግሞ ይበልጥ ይቀጥናል። የዋናው ዘንግና የማረፊያው ብረት እንዳይነካኩ የሚለያቸው ከፀጉር የሚቀጥን የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። ይህን ስለሚያውቁ ዓለም አቀፍ የዘይት ደረጃ አውጪዎች ዘይትን በ150 ዲግሪና በከፍተኛ ፍትጊያ ይፈትኑታል። በዚያ ፈተና የመጨረሻ ቁጥሩ 20 የሆነ ዘይት ቢያንስ 2.6፣ 30 የሆነ 2.9፣ 50 የሆነ ደግሞ 3.7 ሚሊፓስካል ሰከንድ ውፍረት ማሳየት ይኖርበታል። አምራቾች ይህን በተግባር እንዴት እንደሚያዩት የሚያሳይ ጥሩ ምሳሌ ፎርድ ነው። በ2015 የወጣው መደበኛው ማስታንግ ጂቲ 5ደብልዩ20 ዘይት ሲታዘዝለት፣ ለትራክ ተብሎ የተሠራውና በደቂቃ እስከ 8,250 ዙር የሚሄደው ሼልቢ ጂቲ350 ግን 5ደብልዩ50 ነው የታዘዘለት። የአንድ ቤት ሁለት መኪኖች ናቸው፤ ዘይታቸው የተለየው የሚጠብቃቸው ሙቀት ስለተለየ ነው።

የቀጠነ ዘይት ሌላም መዘዝ አለው። መኪናው በረጅም መታጠፊያ ሲወረወር ዘይቱ በገንዳው ውስጥ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። ፖምፓው ዘይት የሚስብበት አፍ ለአፍታ አየር ቢያገኝ የዘይት ግፊት ይወርዳል። ዘይቱ ወፍራምና በቂ ከሆነ ሞተሩ ያንን አፍታ ይችለዋል፤ ከመጠን በላይ የሞቀና ከመስመሩ በታች የወረደ ከሆነ ግን ብረት ከብረት ይገናኛል። ስለዚህ ከትራክ በፊት ዘይቱ የመለኪያው የላይኛው መስመር ላይ መድረሱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከመስመሩ ማሳለፍም ጉዳት ነው፤ ዘይቱ በዘንጉ እየተመታ አረፋ ይሆናል።

ይህ የእኛ የተራ ሰዎች ችግር ብቻ አይደለም። ትልልቅ አምራቾችም ሲፈተኑበት አይተናል፤ ሦስት መኪኖችን ልጥቀስ።

የመጀመሪያው ኒሳን 370ዜድ ነው። በ2009 ሞዴልነት ሲወጣ 3.7 ሊትር ሞተር ይዞ፣ ያለ ዘይት ኩለር ነው የመጣው። ትራክ ላይ የወሰዱት ሰዎች የዘይቱ ጌጅ በፍጥነት ሲያሻቅብ አዩ። ዘይቱ ከልክ ሲያልፍ ኮምፒውተሩ ሞተሩን ለማዳን የዙር ጣሪያውን ዝቅ ያደርገዋል፤ ሾፌሩም መኪናው በድንገት ጉልበት ያጣበት ይመስለዋል። ኒሳን በኋለኞቹ ዓመታት ኩለር ጨመረለት። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ያ መኪና እውነተኛ የዘይት ሙቀት ጌጅ ስለነበረው ባለቤቶቹ ችግሩን በዓይናቸው አይተውታል። ጌጅ የሌለው መኪና ባለቤት ግን ይህን የሚያውቀው ሜካኒኩ ሲነግረው ነው።

ሁለተኛው ቀደም ሲል ያነሣሁት ሼልቢ ጂቲ350 ነው። በ2016 ሞዴል ለሞተር ዘይት፣ ለካምቢዮና ለዲፈረንሻል የሚሆኑት ኩለሮች የሚገኙት ትራክ ፓኬጅ የሚባለውን ለገዛ ሰው ነበር። ያንን ያልገዙ ባለቤቶች መኪናቸው ትራክ ላይ እየሞቀ ራሱን ለመከላከል ጉልበት እንደሚቀንስ ገልጸው በ2017 በፍሎሪዳ ፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ መሠረቱ። ፎርድ ደግሞ ከ2017 ሞዴል ጀምሮ ትራክ ፓኬጁን በሁሉም ጂቲ350 ላይ መደበኛ አደረገው። ከዚህ የምንማረው ለትራክ በሚሸጥ መኪና ላይ እንኳን የሞተሩ፣ የካምቢዮውና የዲፈረንሻሉ ዘይት ሦስት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ነው። አንዱን አቀዝቅዞ ሌላውን መርሳት አይቻልም።

ሦስተኛው ሆንዳ ሲቪክ ታይፕ አር ነው። ከ2017 የወጣው ሞዴል በትራክ ላይ ይሞቃል የሚል ቅሬታ ተደጋግሞበት ነበር። ሆንዳ በ2020 ሲያድሰው የፊት ግሪሉን ክፍተት በ13 በመቶ አሰፋ፤ የራዲያተሩንም እምብርት ቀየረ። በኩባንያው መግለጫ መሠረት በከባድ አነዳድ ጊዜ የውሃው ሙቀት እስከ 10 ዲግሪ ቀንሷል። የአየር በሩን ትንሽ ማስፋትና የራዲያተሩን እምብርት መቀየር እስከ 10 ዲግሪ አዳነ ማለት ነው። ከራዲያተራችሁ ፊት የተጣበቀ ነፍሳት፣ ቅጠልና የላስቲክ ፍርፋሪ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያደርስ ከዚሁ አስሉት።

አሁን ወደ ካምቢዮው ልሂድ። ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ነገር ግን ለመጠገን በጣም ይወደዳል።

ማንዋል ካምቢዮ ሙቀት የሚያመነጨው ጥርሶቹ እርስ በርስ ሲፋተጉ ነው። በብዙ መኪኖች ላይ ፖምፓም ኩለርም የለውም፤ ጥርሶቹ በዘይት ገንዳ ውስጥ እየተነከሩ ይረጩታል። በረጅም ሩጫ መጨረሻ ላይ ማርሽ መግባት ሲያስቸግር፣ ሲንከራፈፍ ወይም ሲንገጫገጭ ዘይቱ ሞቆ መቅጠኑን እየነገረን ሊሆን ይችላል። የፍሪሲዮን ሽታ ከመጣ ደግሞ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የሾፌሩ እግር ነው፤ ማርሽ ሲለውጥ ፔዳሉን አዘግይቶ እየለቀቀ ፍሪሲዮኑን እያቃጠለ ነው።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ሌላ ታሪክ አለው። ሞተሩና ካምቢዮው የሚገናኙት በቶርክ ኮንቨርተር ውስጥ ባለ ዘይት ነው። ኮንቨርተሩ ካልተቆለፈ በቀር በሁለቱ መካከል መንሸራተት አለ፤ በመንሸራተቱ የጠፋው ጉልበት በሙሉ ሙቀት ይሆናል። ካምቢዮው በሦስተኛና በአራተኛ ማርሽ መካከል እየወጣና እየወረደ ሲያመነታ ቁልፉ ይፈታል፤ ዘይቱም ይግላል። ስለዚህ ትራክ ላይ አውቶማቲክ መኪና የሚነዳ ሰው ማርሹን በእጁ መያዝ አለበት። በመንገድ ላይ የካምቢዮ ዘይት ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ቢውል ጥሩ ነው። 120 ሲያልፍ ዘይቱ መበላሸት፣ የጎማ ማሸጊያዎቹም መድረቅ ይጀምራሉ። ዘይት በኬሚካል የሚያረጅበት ፍጥነት በየ10 ዲግሪው ጭማሪ በግምት እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ከልኩ 30 ዲግሪ ያለፈ ዘይት ስምንት ጊዜ ያህል ፈጥኖ ያረጃል። ዘይቱ ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው ውስጡ ያለው ክፍልም እየተጎዳ ነው።

ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮዎች ደግሞ አሉ። ቮልስዋገን በ2003 በጎልፍ አር32 ላይ ያወጣው ባለ ስድስት ማርሽ ካምቢዮ ፍሪሲዮኖቹን በዘይት ውስጥ አጥምቆ ያቀዘቅዛል፤ በኋላ በአነስተኛ ሞተሮች ላይ የመጣው ባለ ሰባት ማርሽ ግን ደረቅ ፍሪሲዮን አለው፣ የሚያቀዘቅዘውም አየር ብቻ ነው። ሁለቱ አንድ ስም ቢጋሩም ለትራክ እኩል አይደሉም። ባለ ሁለት ፍሪሲዮን መኪና የምትነዱ ሰዎች ልትጠነቀቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ እሱም ከሩጫው በኋላ በመኪኖቹ ማረፊያ ሰልፍ ላይ ቀስ እያላችሁ መንፏቀቃችሁ ነው። ፍሪሲዮኑ በግማሽ ተይዞ መኪናውን የሚገፋበት ያ ቅጽበት በጣም ሞቃቱ ቅጽበት ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ የሚያቀዘቅዝ ነፋስ የለም። ከፊታችሁ ያለው መኪና በቂ ርቀት እስኪሄድ ቆማችሁ ጠብቁ፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ሂዱ።

ሲቪቲ ካምቢዮን በተመለከተ አስተያየቴ አጭር ነው። በብረት ቀበቶ ወይም በሰንሰለት የሚሠራ ካምቢዮ ለነዳጅ ቁጠባ የተፈጠረ ነው፤ ሲሞቅ ኮምፒውተሩ ጉልበት ይቀንሳል። ሲቪቲ ያለበትን መኪና ለትራክ ትምህርት ይዛችሁ ብትሄዱ ከጥቂት ዙር በላይ አትጠይቁት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። በብዙ አውቶማቲክ መኪኖች የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው በራዲያተሩ ውስጥ በሚያልፍ ቱቦ ነው። ስለዚህ የሞተሩ ውሃ ከጋለ የካምቢዮው ዘይትም ይግላል፤ ካምቢዮው ከጋለ ደግሞ ሙቀቱን ወደ ውሃው ይመልሰዋል። ለካምቢዮው ተጨማሪ ኩለር ገዝታችሁ ከራዲያተሩ ፊት ብትሰቅሉት፣ ወደ ራዲያተሩ የሚደርሰው አየር አስቀድሞ የሞቀ ይሆናል። ውሃ፣ የሞተር ዘይትና የካምቢዮ ዘይት አንድ የአየር በር የሚጋሩ ጎረቤቶች ናቸው። አንዱን ስትነኩ ሌሎቹን መለካት አለባችሁ።

አሁን ደግሞ ስለ ከፍታ ልናገር፤ ይህ እኛን ኢትዮጵያውያንን በቀጥታ የሚመለከት ነው። የሜክሲኮ ሲቲው የፎርሙላ ዋን ሜዳ፣ አውቶድሮሞ ኤርማኖስ ሮድሪጌዝ፣ ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ነው። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር አንድ አምስተኛ ወይም ከዚያ በላይ ይሳሳል። የሳሳ አየር ከራዲያተሩ የሚወስደው ሙቀት ጥቂት ነው። ስለዚህ የፎርሙላ ዋን ቡድኖች ለዚያ ውድድር የመኪናቸውን የማቀዝቀዣ ክፍተት በዓመቱ ከሚጠቀሙት ሁሉ ሰፊ ያደርጉታል። ያም ሆኖ ሾፌሮቹ ከፊታቸው ባለው መኪና ጀርባ ለረጅም ጊዜ መቆየት አይችሉም፤ ወደ ጎን ወጥተው ንጹሕ አየር ይፈልጋሉ። ወደ መታጠፊያ ሲደርሱም ፍሬን ከመያዛቸው በፊት እግራቸውን ከነዳጁ አንሥተው መኪናው በራሱ እንዲንሸራተት ይተዉታል።

አዲስ አበባ ከሜክሲኮ ሲቲ ከፍ ትላለች። በዚያ ከፍታ ውሃ በክፍት ዕቃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ይህም ብዙ ሞተሮች በሰላም ጊዜ ከሚሠሩበት ሙቀት ጋር አንድ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ደክሞ ግፊት መያዝ ካቃተው መኪናው ውሃ ለማፍላት ትራክ አያስፈልገውም፤ የእንጦጦ ዳገት ይበቃዋል። ሌላም ነገር አለ። ተርቦ የሌለው ሞተር በሳሳ አየር ጉልበቱ ስለሚቀንስ ሙቀቱም አብሮ ይቀንሳል። ባለ ተርቦው ግን አየሩን ጨምቆ ጉልበቱን ይጠብቃል፤ ሙቀቱ እንዳለ ሆኖ ማቀዝቀዣው ይደክማል። ስለዚህ አገር ቤት ሄዶ ባለ ተርቦ መኪና የሚነዳ ሰው ጌጁን ከሌላው አብልጦ ማየት አለበት።

አሁን ወደ ተግባሩ ልምጣ። ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶቻችን። ቅጠሉ ምንድን ነው?

ከመሄዳችሁ በፊት የሙቀቱን ቁጥር የምታዩበት መንገድ ይኑራችሁ። ከ1996 ጀምሮ በአሜሪካ የተሸጠ መኪና ሁሉ ከመሪው በታች የኦቢዲ መሰኪያ አለው። እዚያ ላይ የሚሰካ ርካሽ መሣሪያ የውሃውን ሙቀት በስልካችሁ ላይ በቁጥር ያሳያችኋል፤ በብዙ መኪኖችም የሞተሩንና የካምቢዮውን ዘይት ሙቀት ይጨምራል። መኪናው ይህን ካልሰጠ ራሱን የቻለ ጌጅ አስገጥሙ። ከኩለር በፊት ጌጅ ግዙ እላለሁ፤ ያልለካችሁትን ችግር ልትፈቱት አትችሉም። ኩለር ካስገባችሁ ደግሞ የራሱ ቴርሞስታት ያለው ይሁን፤ አለዚያ በመጋቢት ብርድ ዘይቱ ሳይሞቅ ይውላል። የሞተሩን ዘይት አዲስ አድርጉት፤ የካምቢዮውን ዘይት ዕድሜ እወቁ፤ የራዲያተሩን ክዳንና ቱቦዎች መርምሩ፤ ግሪሉን እጠቡ። አንዳንድ የውድድር አዘጋጆች ሜዳ ላይ ሲፈስ ስለሚያንሸራትት ኩላንት ይከለክላሉና ደንባቸውን አንብቡ። ንጹሕ ውሃ ከድብልቁ ይልቅ ሙቀት የመሸከም ችሎታው የተሻለ ነው፤ ነገር ግን ዝገት መከላከያ ይጨመርበት፣ ክረምት ከመግባቱ በፊትም ይለወጥ።

ሜዳው ላይ ስትወጡ የመጀመሪያው ዙር የማሞቂያ ነው። ከዚያ በኋላ በየዙሩ በረጅሙ ቀጥታ መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ጌጁን እዩ። ቁጥሩ እየወጣ ከሆነ ከቀዩ መስመር 500 ወይም 1,000 የሞተር ዙር ቀድማችሁ ማርሽ ጨምሩ፤ የምታጡት ጊዜ ጥቂት ነው፣ የምታድኑት ሙቀት ግን ብዙ ነው። ከፊታችሁ ላለው መኪና ጀርባ አትጣበቁ፤ የእሱን ትኩስ አየር እየጠጣችሁ ነው። ኤርኮንዲሽነሩን ዝጉ። ውሃው ከልክ ካለፈ የውስጡን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈቱ፤ ማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ነው፣ የተወሰነ ሙቀት ይጎትታል። ላባችሁ ይውረድ፤ ሞተሩ ይዳን።

ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ሙሉ ዙር ለማቀዝቀዝ ስጡት። ከፍ ባለ ማርሽ፣ በዝቅተኛ የሞተር ዙር፣ ፍሬን ሳታበዙ ሂዱ። ነፋሱ በራዲያተሩ ውስጥ እንዲያልፍ በቂ ፍጥነት ያስፈልጋል፤ ዓላማው አየር እየገባ ሙቀት እንዳይጨመር ነው። ተሽቀዳድማችሁ ገብታችሁ ወዲያው ሞተር ብታጠፉ ውሃውና ዘይቱ መዞር ያቆማሉ፤ በብረቱ ውስጥ የታመቀው ሙቀት ግን ይቀራል። ጀበናው ከእሳት ላይ ከተነሣ በኋላም ቡናው ገንፍሎ እንደሚወጣው፣ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ የውሃው ሙቀት ይጨምራል። በተርቦ ውስጥ የቆመ ዘይት እዚያው ይከስላል። ስለዚህ መኪናውን በመኪኖቹ ማረፊያ ዙሪያ ቀስ ብላችሁ አንቀሳቅሱት፣ ወይም ቁጥሩ እስኪወርድ ሳታጠፉ ኮፈኑን ክፈቱ። የእጅ ፍሬን አትያዙ፤ የጋለው ዲስክ ላይ ሸራው ይጣበቃል። የጋለ ራዲያተር ክዳን በምንም ምክንያት አትክፈቱ፤ በግፊት የታፈነው ውሃ ተፈናጥሮ ፊትና እጅ ያቃጥላል።

ወደ ቤት ከመመለሳችሁ በፊት የዘይቱን መጠን እንደገና ለኩ፤ በማግስቱም ከመኪናው ሥር ጠብታ መኖሩን እዩ። ለመንገድ የተጻፈው የዘይት መለወጫ ጊዜ ለትራክ አይሠራም። ብዙ ጊዜ ትራክ የሚሄድ ሰው የሞተሩን ዘይት በጣም ቀድሞ መለወጥ አለበት፤ የካምቢዮውንና የዲፈረንሻሉንም ጭምር። ከተጣመመ ቴስታታና ከተቃጠለ ጓርኒሲዮን ጋር ሲነጻጸር የዘይት ዋጋ ምንም ማለት አይደለም።

ኮምፒውተሩ ጉልበት ሲቀንስባችሁ አትናደዱ። ብዙ ወጣቶች ይህን እንደ ስድብ ቆጥረው ሶፍትዌር ያስለውጣሉ፤ ገደቡንም ያስነሣሉ። ያ ገደብ የተቀመጠው ሞተሩን የሠሩት ሰዎች ብረቱ የሚችለውን ስለሚያውቁ ነው። ገደቡን ከማንሣት በፊት ሙቀቱን ማውረድ ይቀድማል።

ክቡራትና ክቡራን፤ በመጨረሻ አንድ ነገር አደራ ልበላችሁ። የሚቀጥለው የትራክ ቀን ሳይደርስ ሦስት ቁጥሮች ጻፉና ዳሽቦርዱ ላይ ለጥፉ። የመኪናችሁ መጽሐፍ የተለየ ቁጥር ካላዘዘ በቀር፦ ውሃ 110 ዲግሪ፣ በፋራናይት 230፤ የሞተር ዘይት 130 ዲግሪ፣ በፋራናይት 265 ገደማ፤ የካምቢዮ ዘይት 120 ዲግሪ፣ በፋራናይት 250 ገደማ። ከሦስቱ አንዱ ሲደርስ እግራችሁን አንሡ፤ ባይወርድ ውጡ። ይህን ውሳኔ ቤታችሁ ተቀምጣችሁ ወስኑት፤ ከፊታችሁ የሚቀደም መኪና እያያችሁ መወሰን አይቻልምና። መኪና ወዳጅ ልጅ ያላችሁ ወላጆችም ልጁ ምን ያህል እንደፈጠነ ከመጠየቃችሁ በፊት ዘይቱ ስንት እንደደረሰ ጠይቁት። መልሱን ካወቀ እየተማረ ነው።